ያረጀ ደም ለምን ያድጋል?

እንበልና አያታችሁ ከአምስት ሳምንት በፊት ከጓዳ ሲወጡ ግንባራቸውን ከበሩ ጉበን ጋር አጋጩት። ትንሽ አበጠ፣ ቅቤ ተቀባ፣ ተረሳ። አሁን ግን ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን ያማቸዋል። ሲራመዱ ግራ እግራቸው ይጎተታል። ሲኒ ከእጃቸው ያመልጣል፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ያቀያይራሉ። ቤተሰቡ እርስ በርሱ ተያየና "እንግዲህ እርጅና ነው" አለ። አንዱ ደፋር ደግሞ "ጃጁ በቃ" ብሎ ጨመረበት።

ሊሆን ይችላል። ግን ላይሆንም ይችላል። በራስ ቅላቸው ውስጥ፣ ከአንጎላቸው ውጪ፣ ከአንድ የቡና ሲኒ የሚበልጥ ደም ቀስ በቀስ ተጠራቅሞ አንጎላቸውን ወደ ጎን እየገፋው ይሆናል። ግራ እግር ከተጎተተ ደሙ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በቀኝ በኩል ነው፤ የአንጎል ቀኝ ጎን የሚያዘው የሰውነትን ግራ ጎን ስለሆነ። ሐኪሞች ይህን ችግር "ክሮኒክ ሰብዱራል ሄማቶማ" ይሉታል፤ ዱራ ከሚባለው ሽፋን በታች የተጠራቀመ የቆየ ደም ማለት ነው። "ጃጁ" ከተባሉት ሽማግሌዎች መካከል ደሙ ሲወጣላቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመልሰው የሚራመዱ፣ ስም የማይሳሳቱ አሉ። ለዚህ ነው ነገሩ ማወቅ የሚገባው።

እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ጉልበታችሁን ስትመቱ ቆዳው ስር ደም ይቋጥራል፣ ይጠቁራል፣ ወደ ቢጫነት ይለወጣል፣ በሁለት ሳምንት ይጠፋል። ታዲያ ራስ ቅል ውስጥ ያለው ደም ለምን አይጠፋም? ይባስ ብሎ አምስት ሳምንት ቆይቶ ለምን ያድጋል?

እንቁላል ቀቅላችሁ ስትልጡ

የተቀቀለ እንቁላል ስትልጡ ከጠንካራው ቅርፊት ስር አንድ ስስ ሽፋን ታገኛላችሁ። አንጎልም ከአጥንቱ ስር ሽፋን አለው፤ የእሱ ግን አንድ ሳይሆን ሦስት ነው። የውጪው ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ ዱራ ተባለ፤ ቃሉ በላቲን "ጠንካራ" ማለት ነው። ከሱ ስር የሸረሪት ድር የመሰለ ስስ ሽፋን አለ፤ ሦስተኛው አንጎሉ ላይ ልጥፍ ያለ ነው።

ከአንጎል ተነስተው ወደ ዱራ የሚሻገሩ ቀጫጭን ደም መልሶች አሉ። ድልድይ ናቸው ማለት ይቻላል። ዕድሜ ሲገፋ አንጎል በመጠኑ ይኮማተራል፤ በእሱና በአጥንቱ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ እነዚህ ድልድዮች እንደ ድንኳን ገመድ ይወጠራሉ። በዚህ ጊዜ ትንሽ ግጭት ትበቃለች። የበር ጉበን፣ የመኪና በር፣ አንዳንዴ ሰውየው ጭራሽ የማያስታውሰው ነገር። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ይበልጥ ተጋላጭ ነው። (ይህን ስታነቡ የማንንም መድኃኒት አታስቁሙ። ያ ውሳኔ የሐኪም ነው፤ መድኃኒቱ የታዘዘው ስትሮክን ወይም የልብ ችግርን ለመከላከል ሊሆን ይችላል።)

እስከዚህ ድረስ ያለው ቀላል ነው። ግን የደም መልስ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ የተቀደደችው ቀጭን ስር ብዙም ሳትቆይ ትዘጋለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀዳዳ ብቻውን የአምስት ሳምንቱን እድገት አያስረዳልንም።

ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሖ በ1857 ይህን በሽታ ሲገልጽ ጭራሽ ከግጭት ጋር አላያያዘውም። የዱራ ብግነት ነው አለ፤ ማለትም ሽፋኑ ተቆጥቶ ደም የሚያዝል። በኋላ የመጡት "የለም፣ ግጭት ነው፣ የተቀደደ ደም መልስ ነው" ብለው ፊርሖን ወደ ጎን አደረጉት። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣ፦ አሮጌው ደም ሲበሰብስ ይወፍራል፣ ጨው ውኃ እንደሚስብ ሁሉ ከዙሪያው ውኃ ይስባል፣ ለዚህ ያብጣል። ሐሳቡ ያምራል፤ በመማሪያ መጻሕፍትም ገብቶ ነበር። ሰዎች ፈሳሹን ቀድተው ሲለኩት ግን ከራሱ ከሰውየው ደም ይልቅ የመሳብ ኃይል አልነበረውም። ሐሳቡ ወደቀ።

ዛሬ የምናውቀው ለሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ እውነት የሚሰጥ ነው። ግጭቱ ይጀምረዋል፣ ብግነቱ ይቀጥለዋል። ደሙ ከዱራ ስር ሲቀመጥ ሰውነት እንደ ቁስል ያየውና ሊያድነው ይነሳል። በደሙ ዙሪያ አዲስ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ በሽፋኑ ውስጥ አዳዲስ፣ እጅግ ቀጫጭን የደም ስሮች ያበቅላል። ቁስል ሲድን የሚሆነው ይኸው ነው። ችግሩ እነዚህ አዳዲስ ስሮች በችኮላ የተሠሩ፣ ግድግዳቸው የሳሳ፣ የሚያፈሱ መሆናቸው ነው። በዚያ ላይ ፈሳሹ ውስጥ የረጋ ደምን የሚያሟሙ ንጥረ ነገሮች ሞልተዋል። ስለዚህ አንዱ ስር ያፈሳል፣ ደሙ ሊረጋ ሲል ይሟሟል፣ ሌላው ያፈሳል። ቁስላችሁ ላይ ያለውን ቅርፊት በየቀኑ እየነቀላችሁ "ለምን አይድንም?" ብትሉ ምን ይባላል? እዚህ የሚነቅለው የማዳኑ ሥራ ራሱ ነው።

ሳፋውን መድፋት ወይስ ጣሪያውን መድፈን

የተለመደው ሕክምና ደሙን ማውጣት ነው። ሐኪሙ ራስ ቅል ላይ አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ የሞተር ዘይት የመሰለ ጥቁር ፈሳሽ ይወጣል፤ ውስጡን ያጥባል። ሲሰሙት ያስፈራል እንጂ ከአንጎል ቀዶ ሕክምናዎች መካከል ቀላል ከሚባሉት ነው፤ በከፊል ማደንዘዣ፣ ሰውየው እየሰማ፣ ሊሠራ ይችላል። አንጎል ላይ ጫና በርትቶ ሰው ራሱን እየሳተ ከሆነ ይህን የሚተካ ነገር የለም። ኢትዮጵያ ውስጥም የሚሠራ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ እንዲህ ያለውን ቀዳዳ መብሳት ሠልጣኞች ቀድመው ከሚማሯቸው ሥራዎች አንዱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግን ደሙ ይመለሳል። በሁሉም ሰው አይደለም፣ በብዙ ሰው ግን። በ2009 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት በ215 ሰዎች ላይ አንድ ቀላል ነገር ፈተነ፦ ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ የቀረው ፈሳሽ እንዲወጣ ቀጭን ቱቦ ለሁለት ቀን ማቆየት። ቱቦ ካልተደረገላቸው ከመቶ 24ቱ ደሙ ተመልሶ እንደገና ተከፈቱ፤ ቱቦ ከተደረገላቸው ከመቶ 9ኙ ብቻ። አንዲት ቱቦ! እንዲህ ያለ ውጤት በሕክምና ብዙ ጊዜ አይገኝም።

አሁን ደግሞ የጣሪያ ማፍሰስን አስቡ። ዝናብ ሲገባ ስሩ ሳፋ ታስቀምጣላችሁ፤ ሳፋው ሲሞላ ትደፋላችሁ። ደሙን ማውጣት ሳፋውን መድፋት ነው። የሚያፈሱት አዳዲስ ስሮች እዚያው አሉ። ታዲያ ለነዚህ ስሮች ደም የሚያመጣላቸው ማነው?

መልሱ የሚያስደስት ነው። የአንጎል ስሮች አይደሉም። ዱራ የራሱ ደም ቅዳ አለው፤ ዋናው የዱራ መካከለኛ ደም ቅዳ ይባላል። ከአንገት ተነስቶ ወደ ፊትና ወደ ጭንቅላት ቆዳ ከሚሄደው ቧንቧ ይገነጠላል፤ ከራስ ቅል ስር ባለች አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ጆሮ ግንድ አካባቢ አጥንቱን ታክኮ ይወጣል። አጥንቱን በጣም ከመታከኩ የተነሳ በደረቅ ራስ ቅል ውስጠኛ ገጽ ላይ የሄደበት ቦይ ይታያል፤ ከአውሮፕላን ላይ የታየ የወንዝና የገባሮቹ ምስል ይመስላል። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ የአናቶሚ ክፍል የማየት ዕድል ካገኛችሁ ራስ ቅሉን ወደ ብርሃን አዙሩትና ፈልጉት።

ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ ይህ ደም ቅዳ አንጎልን አይመግብም። የአንጎልን ደም ቅዳ ብትዘጉ ስትሮክ ነው። ይህን ብትዘጉት ግን ዱራ ከሌሎች ጎረቤት ስሮች በቂ ደም ያገኛል፤ ከመጠን በላይ የበቀሉት አፍሳሾች ግን ይደርቃሉ። በ2000 የጃፓን ሐኪሞች ጉበቱ ተጎድቶ ደሙ በቀላሉ የማይረጋለትን፣ ደጋግሞ ያስቸገረን አንድ ታማሚ በዚህ መንገድ ማከማቸውን ጽፈው አሳተሙ። ሐሳቡ ከአንድ ታማሚ ተነስቶ ዛሬ ብዙ አገር ደርሷል።

ከእጅ አንጓ እስከ ራስ ቅል

ራስ ቅል ሳይከፈት ውስጥ ያለ ቧንቧ እንዴት ይዘጋል? በቧንቧው በራሱ በኩል በመሄድ።

ጣታችሁን አንገታችሁ ጎን ላይ አድርጉ፤ ትርታው ይሰማችኋል። ያ ቧንቧ መንጋጋችሁ አካባቢ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ አንጎል፣ ሌላው ወደ ፊትና ወደ ጭንቅላት ሽፋን ይሄዳል። ሐኪሙ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። የሚነሳው ግን ከሩቅ ነው፦ ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ። ቦታው ይደነዝዛል፣ በመርፌ ይወጋል፣ በመርፌው በኩል ቀጭን ሽቦ ይገባል፣ በሽቦው ላይ ካቴተር የሚባል ተጣጣፊ ቱቦ ይንሸራተታል። ቱቦው ወደ ላይ ይሄዳል፦ ወደ ትልቁ ቧንቧ ወደ አኦርታ፣ ከዚያ ወደ አንገት። በመጨረሻ በውስጡ ሌላ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ቱቦ ይላካል። የደም ቅዳ ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ቆዳ የመዳሰስ ስሜት ስለሌለው ሰውየው ቱቦው ሲጓዝ አይሰማውም።

ሐኪሙ በጨለማ አይሄድም። በኤክስሬይ ብርሃን የደም ስር አይታይም፤ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ሲረጭበት ግን እንደ ቅርንጫፍ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የአንጎልን ስሮች በዚህ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ ነው፤ በ1927፣ ሊስቦን ውስጥ። (የሚገርመው፣ ኖቤል የተሸለመው በዚህ ሥራው አይደለም። በኋላ በጀመረው፣ ዛሬ ማንም በማይመኘው የአእምሮ ሕሙማን የአንጎል ቀዶ ሕክምና ነው።) ዛሬ ኮምፒውተሩ ፈሳሹ ከመረጨቱ በፊት ያነሳውን ምስል ከኋላኛው ላይ ይቀንሰዋል፤ አጥንቱ ይጠፋል፣ ስሮቹ ብቻ ይቀራሉ። የክፍል ሒሳብ መቀነስ፣ በየነጥቡ።

ቦታው ሲደረስ መድፈኛው ይላካል። አንዱ ዓይነት ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣት ነው፤ የአንዱ ስፋት ብዙ ጊዜ የሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ሌላው ከደም ጋር ሲገናኝ የሚጠጥር ፈሳሽ ነው። ይህኛው ከሚሟሟበት ኬሚካል የተነሳ ታካሚው ለአንድ ሁለት ቀን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ ጠያቂ ዘመድ ምን በልቶ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ቅንጣቱ ይበልጥ ደቀቅ ቢል ይበልጥ ሩቅ ይደርስ የለም ወይ? ይደርሳል፤ አደጋውም ያ ነው። የዱራ ደም ቅዳ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ዓይንን ከሚመግበው ስር ጋር የሚያገናኝ ስውር መተላለፊያ አለው። ሌላ ቅርንጫፉ ደግሞ ፊታችንን የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ ይመግባል። መድፈኛው በስህተት ወደነዚህ ቢያልፍ አንዱ ዓይነ ስውርነት፣ ሌላው የፊት መጣመም ነው። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ከመድፈኑ በፊት ረጅም ጊዜ ምስሉን ሲያይ ይቆያል፤ መተላለፊያው ካለና ማለፍ ካልተቻለ ቱቦውን መልሶ ያወጣል። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቁ ችሎታ መተው ይመስለኛል።

እግረ መንገዴን፦ ይህን ችግር በድንገት "በሕይወቴ እንዲህ አሞኝ አያውቅም" ከሚያሰኘው የራስ ምታት ጋር አትቀላቅሉት። ያ ብዙ ጊዜ አኒውሪዝም የሚባል የደም ቅዳ እባጭ ሲፈነዳ የሚመጣ፣ ደቂቃ የማይሰጥ ነገር ነው። እሱም በካቴተር ይታከማል፤ ጣሊያናዊው ጉልየልሚ በ1990 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የጀመረው የፕላቲነም ጥቅልል እባጩ ውስጥ ይሞላል። መንገዱ አንድ ዓይነት፣ በሽታው ሌላ።

ታዲያ ይሠራል?

ቧንቧውን መዝጋት መቻልና ሰውን መጥቀም ሁለት ነገር ናቸው። ሐሳቡ ማማሩም ዋስትና አይሆንም፤ የውኃ መሳቡን ሐሳብ አስታውሱ።

በኅዳር 2024 ትልልቅ ጥናቶች በአንድ ላይ ታተሙ። በአሜሪካ የተደረገው ኢምቦላይዝ የተባለው ጥናት ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸውን 400 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንዱ ቡድን ቀዶ ሕክምና ብቻ፣ ሌላው ቀዶ ሕክምናና ቧንቧ መድፈን። በ90 ቀን ውስጥ እንደገና መከፈት ያስፈለጋቸው ከመጀመሪያው ቡድን 11.3 በመቶ፣ ከሁለተኛው 4.1 በመቶ ናቸው። ቀንሱት፦ 7.2። ይህ ማለት አንድን ሰው ከሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ለማዳን 14 ሰው ገደማ ላይ ይህን መሥራት ያስፈልጋል። አሥራ ሦስቱ ያለዚያም ደህና ይሆኑ ነበር፣ ወይም ተሠርቶላቸውም ደሙ ተመልሷል። ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? እኔ የሰማንያ ዓመት አያት ቢኖረኝ ትንሽ አልለውም። ግን ሌላውንም ቁጥር እጠይቃለሁ። ከተደፈነላቸው መካከል 2 በመቶው ከሥራው ጋር የተያያዘ ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው፤ ሁለቱ አካል ጉዳተኛ የሚያደርግ ስትሮክ ነበር። በ90 ቀን የሞቱት ደግሞ ከተደፈነላቸው 5.1፣ ካልተደፈነላቸው 3 በመቶ ናቸው። በሰው ሲቆጠር አሥር እና ስድስት ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ልዩነት በአጋጣሚም ይመጣል፤ ዓይን ጨፍኖ የሚያልፉት ግን አይደለም።

በዚያው ጊዜ 722 ሰዎች የተሳተፉበት የቻይና ጥናት ታተመ። እዚያ ደሙ የተመለሰባቸው ወይም የባሰባቸው 6.7 እና 9.9 በመቶ ነበሩ። የተደፈነላቸው ያነሱ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን "ይህ ልዩነት እንዲሁ በዕጣ ሊመጣ ይችላል" አለ። ሳንቲም አሥር ጊዜ ወርውራችሁ ስድስት ጊዜ አንበሳው ቢወጣ ሳንቲሙ የተጭበረበረ ነው አትሉም አይደል? እንደሱ ነው።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ እኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ይመስለኛል። "እንደገና አልተከፈተም" ማለት "ደህና ሆነ" ማለት ነው? በ2020 በብሪታኒያ 748 ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ይህን በሚያስደነግጥ መልኩ መለሰው። የተፈተነው ዴክሳሜታሶን ነው፤ ብግነትን የሚያበርድ የታወቀ መድኃኒት። ብግነት ከሆነ ብግነቱን አብርደው፤ ምን የበለጠ ምክንያታዊ ነገር አለ? መድኃኒቱን የወሰዱት እውነትም ለሁለተኛ ጊዜ የተከፈቱት 1.7 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ካልወሰዱት 7.1 በመቶ። ድል ይመስላል። ነገር ግን ከስድስት ወር በኋላ በጥሩ ሁኔታ ላይ የተገኙት መድኃኒቱን ከወሰዱት 83.9፣ ካልወሰዱት 90.3 በመቶ ሆኑ። ደሙን አሸነፉ፣ ሰውየውን ጎዱ። ስለዚህ ቧንቧ መድፈንን በተመለከተ "ስንት ሰው እንደገና ተከፈተ" የሚል ቁጥር ሲነገራችሁ "ከስድስት ወር በኋላስ ስንቱ ራሱን ችሎ ይራመዳል?" ብላችሁ ጠይቁ።

እንግዲህ ለአያታችሁ ምን ይጠቅማል? ዛሬ፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ቀዳዳውና ቱቦው። መድፈኑ ደሙ ደጋግሞ ለሚመለስበት፣ ደም ማቅጠኛውን ማቆም ለማይችል፣ ደሙ ገና አንጎሉን ብዙ ሳይጫን ለተገኘና ቀዶ ሕክምና ለሚከብደው ሰው የሚታሰብ ነው። መድፈኛውም፣ ቱቦዎቹም፣ ምስል ማንሻ ማሽኑም ውድ ናቸው፤ የሠለጠነ እጅ ደግሞ ከማሽኑ ይብሳል። ቀዳዳ መብሻው ግን የትም ቀዶ ሕክምና ክፍል ሊኖር ይችላል። በሽታውን ለማግኘትም ቢሆን የሚያስፈልገው አንድ ሲቲ ስካን ነው። ከምርመራው በፊት ደግሞ አንድ የቤተሰብ ሰው፣ ምናልባት እናንተ፣ "ቆይ፣ ባለፈው ወር ጭንቅላታቸውን ተመተው አልነበር?" ማለት አለበት።

የተደፈነለት ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ተነስቶ ይቀመጣል፤ ለውጡን ግን ወዲያው አያየውም። ምንጩ ተዘጋ እንጂ የተጠራቀመው ደም እዚያው ነው፤ ሰውነት ቀስ ብሎ፣ በሳምንታትና በወራት፣ ይመጠዋል። ከሦስት ወር በኋላ ሲቲ ስካን ሲነሳ ተገፍቶ የነበረው አንጎል ወደ ቦታው ተመልሶ ይታያል። መድፈኛው ፈሳሽ ከነበረ ከአጥንቱ ስር ነጭ ሆኖ የሚያበራ ቀጭን ቅርንጫፍ ይቀራል፤ በውስጡ በኤክስሬይ እንዲታይ የተጨመረ የብረት ዱቄት አለና። ያ ቅርንጫፍ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በተነሳ ቁጥር ይታያል።